ከማን ጋር ነው የምስማማው?

ጥቅምት 8

ጠዋት ለአዋላጅነት ተማሪዎቼ ስለ እንግዴ ልጅ አስተማርሁ። ከኋላ ሁለቱ ተኝተዋል። እንግዴ ልጅ እንኳ ከእናንተ የተሻለ ሥራ አለው አልኋቸው… ማን ሰምቶ።

ከሰዓት አማካሪዬ ቢሮ። ዶክተር አምደሚካኤል። የማስተርስ ጽሑፌ ርእስ ጸደቀ። ነፍሰ ጡር ሴት ስትወልድ ልጇን ምን ለመመገብ እንዳሰበች የሚለካ መጠይቅ አለ፣ ፈረንጆች የሠሩት። አምስት ጥያቄ ብቻ። ወደ አማርኛ መልሼ፣ ማርቆስና ዙሪያው ባሉ ሴቶች ሞክሬ፣ ይሠራል ወይም አይሠራም ማለት ነው ሥራዬ። "አምስት ዐረፍተ ነገር ናት ምሥራቅ፣ ሳምንት አትፈጅም" አለኝ። እሱ ጡት ከጣለ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ከዚያ ወዲህ ነገሩን የተከታተለው አይመስለኝም።

አንደኛው ጥያቄ፦ ልጄን ጡት ጨርሶ አላጠባም፣ ፎርሙላ ብቻ ልሰጠው አቅጃለሁ። መልሱ፦ በጣም እስማማለሁ፣ እስማማለሁ… እስከ በጣም አልስማማም ድረስ።

ፎርሙላን በአማርኛ ምን እንበለው ብዬ ባሌን ጠየቅሁት። የሺዋስ ፊዚክስ ነው የሚያስተምረው። "ፎርሙላ የእኔ ነው፣ ለሕፃን አልሰጥም" አለ። እንዲህ ካለ ሰው ጋር ነው የምኖረው።

ጥቅምት 15

"የጣሳ ወተት" አልሁት። ተገላገልሁ።

"ማቀድ" ግን አቃጠለኝ። መንግሥት ያቅዳል። ቤት የሚሠራ ያቅዳል። ለጡት ማን ያቅዳል? ማሰብ? መፈለግ? መቁረጥ? ጡት ላይ "መቁረጥ" የሚል ቃል ባይገባ ይሻላል።

የተረጎምሁት ባሕር ዳር ላለ መምህር ተላከ። ዋናውን ሳያይ ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰዋል፣ ትርጉሙ እንዳልሳተ የሚታወቀው እንዲያ ነው። እኔ የጻፍሁት "ጡት ለመስጠት አቅጃለሁ"። ተመልሶ የመጣው፣ ሰውዬው እንደገባው፣ "ጡቴን ለመለገስ ወስኛለሁ"። እንደ ደም ልገሳ!

እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። ዶክተሩ አልሳቀም። ቋንቋሽን አስተካክዪ አለኝ።

ጥቅምት 26

የመጀመሪያው ሙከራ፣ አማኑኤል ጤና ጣቢያ። እዚያ አዋላጇ አይናለም ናት፣ አብረን የተማርን። ለክትትል የመጡትን ነፍሰ ጡሮች አግዳሚ ላይ ደርድራ ጠበቀችኝ።

አመተ ሥላሴ የምትባል ሴት ቀደመች። አነበብሁላት። በጣም እስማማለሁ ትያለሽ ወይስ አልስማማም?

"ከማን ጋር?"

ከሐሳቡ ጋር አልኋት።

"ከሐሳብ ጋር ምን አጣላኝና ነው የምስማማው?"

አግዳሚው በሙሉ ሳቀ። ፈረንጆቹ ሲሠሩት ይህን አላሰቡትም። እኔም አላሰብሁት፣ አማርኛ አፌን የፈታሁበት ሆኖ ሳለ።

ሌላው ጉድ… "ጡት ብቻ" ሲባል ሁሉም በጣም። ቅቤስ ታቀምሳላችሁ? አዎ። እንዴት "ብቻ" ሆነ ታዲያ? ቅቤ ምግብ ነው እንዴ፣ ጉሮሮውን ለማለስለስ ነው። ውሃስ? ውሃማ ውሃ ነው። ተናደው ሳይሆን አዝነውልኝ ነው የሚያስረዱኝ።

"ልጄ ስድስት ወር ሲሆነው…" ስል አንዷ አማተበች። ገና ያልተወለደ ልጅ ላይ እንዲያ ተብሎ አይወራም ለካ። ከዚያ ወዲያ መልሱ ሁሉ "እግዜር ካለ" ሆነ። በጣም እስማማለሁ፣ እግዜር ካለ። የት ላይ ነው ምልክት የማደርግ? ፈረንጆቹ ለእግዜር ሳጥን አላዘጋጁም።

መጨረሻ ላይ ጠያቂዋ አመተ ሥላሴ ሆነች። "አንቺስ ሲስተር፣ ስንት ወልደሻል?"

አልወለድሁም አልሁ።

በቃ። ስለ ጡት የሚያወራኝ ጠፋ። አንዷ ጸበል ነገረችኝ፣ አንዷ ዘመዷ በስንተኛው ዓመት እንደወለደች። የመጣሁት የእነሱን ሐሳብ ልለካ፣ የተለካው የእኔ ማሕፀን። ከየሺዋስ ጋር ከተጋባን ሰባት ዓመታችን። ሐኪሞቹ ምንም የለባችሁም ይላሉ። እውነት ነው… ምንም የለንም።

ኅዳር 3

ዛሬ ዲማ በኩል ያለ ጤና ጣቢያ። ስንት ወልደሻል? አሉኝ ገና ከመቀመጤ።

"ሁለት።"

ከየት እንደመጣ እንጃ። ወንድና ሴት። ወንዱን ሁለት ዓመት አጠባሁት፣ ሴቷ ገና ጥርስ ሳታወጣ ነካሽ ነበረች… አፌ ዝም ብሎ ይወልዳል። ሴቶቹ ግን ተፈቱልኝ። ስለ ቁስል፣ ስለ አማት፣ ስለ እንገር፣ እንደዚያ ያለ ቃለ መጠይቅ አድርጌ አላውቅም።

ማታ ለየሺዋስ ነገርሁት። ሳቀ። ሲበላ ቆየና፣ "ሴቷ ማንን ትመስላለች?" አለ።

ተነሥቼ ዕቃ አጠብሁ።

ኅዳር 9

አማኑኤል እንደገና። የመጨረሻዋ ጥላነሽ የምትባል፣ አራተኛ እርግዝናዋ፣ ስምንተኛ ወሯን ይዛለች። ቀጭን፣ ዝምተኛ። "ጡት ጨርሶ አላጠባም" የሚለውን እያቻኮልሁ አነበብሁት። ሁሉም ይስቁበታል ወይም ይቆጡኛል።

"አዎ" አለች።

አዎ ምን?

"አዎ፣ በጣም።"

አልሰማችኝም ብዬ ቀስ አድርጌ ደገምሁት።

"ሰምቼሻለሁ ሲስተር። ደንቆሮ አይደለሁም።"

የቀድሞዎቹን? ሁሉንም አጥብታለች፣ ሁለት ሁለት ዓመት። ይህኛውን ለምን ታዲያ? አልኋት።

"ወረቀትሽ ላይ ለምን የሚል አለበት?"

የለበትም።

"እንግዲያ ለምን ትጠይቂኛለሽ?" ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

ኅዳር 11

ዶክተሩ፦ "አልገባትም። አውጪያት።"

እስካሁን ጥያቄው የገባት እሷ ብቻ ናት፣ ሌሎቹ እኔን ደስ ለማሰኘት ነው የመለሱት አልሁት። አንድ ሰው ናት አለ። እኔም አንድ ሰው ነኝ፣ ልውጣ? አልሁ። አላልሁም። ደረጃ ላይ ነው ያልሁት፣ ብቻዬን።

ኅዳር 16

አይናለም ጠይቃልኝ ጥላነሽ ቤቴ ትምጣ ብላ ነበር። ሄድሁ። ከአማኑኤል ትንሽ ወጣ ይላል። ባሏ ታረቀ ጤፍ አጨዳ ላይ። ትልቋ ልጇ ዘመናይ በር ላይ ተቀበለችኝ። ዘጠኝ ዓመቷ ነው አሉ፣ ምላሷ ግን የሠላሳ። ጫማሽ ላይ እበት አለ አለችኝ። እናቷ ዛላ በርበሬ እየቀነጠሰች ወደ ውጭ ላከቻት። ከዚያ ሳትጠየቅ ነገረችኝ።

ታረቀ እኅት አለችው፣ ሽታዬ፣ ደምበጫ ክርና ጨርቅ ትሸጣለች። እናታቸው ስትሞት እሱ ገና ድክ ድክ የሚል ነበር። ሽታዬ አሳደገችው። በእሱ ምክንያት ባል ሳታገባ ቆየች፣ በኋላ ስታገባ አልወለደችም፣ ባሏ ትቷት ሄደ። ባለፈው ፋሲካ ታረቀ ሰው በተሰበሰበበት ተነሥቶ፣ ከእንግዲህ የምንወልደው ያንቺ ነው አላት። ሰው አጨበጨበ፣ ሽታዬ አለቀሰች። ጥላነሽን የጠየቃት የለም። እንቢ ግን አላለችም። እሷ ባትኖር ታረቀም አይኖርም ነበር አለች።

ታዲያ ቢያንስ መጀመሪያውን አጥቢው አልሁ፣ የአዋላጅነቴን። እንገሩ፣ ተቅማጡ፣ የጣሳው አደጋ… ሁሉንም ዘረገፍሁ። በርበሬዋን ስትቀነጥስ ቆይታ፣

"ካጠባሁት አልሰጥም" አለች። "ራሴን አውቀዋለሁ። አንድ ቀን ካጠባሁት አልሰጥም።"

"ከሁለቱ ልጆችሽ አንዱን ትሰጪ ነበር?" አለችኝ ቀና ብላ። ወሬው ደርሷል። ዲማ የተናገርሁት አማኑኤል!

ልዋሽ አፌን ከፈትሁ። አልወጣም። "የለኝም። አንድም የለኝም" አልኋት።

ትቆጣለች ብዬ ጠበቅሁ። "እንግዲያ አንቺም ከሽታዬ ወገን ነሽ" አለች። ክፋት አልነበረበትም። እንደ ሰላምታ ነው ያለችው። የበርበሬው ነው መሰል ዓይኔ ተቃጠለ።

ስወጣ፦ "እኔን ከምትለምኚ ሂጂና ሽታዬን የጣሳውን አሠራር አሳያት፣ ልጁ እንዳይሞትብኝ" አለችኝ።

ታኅሣሥ 1

ደምበጫ። ሽታዬን ልጠላት ተዘጋጅቼ ነበር የሄድሁት። አልሆነም።

ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ገበያተኛውን ሁሉ በስሙ የምትጠራ። እርስዎ ስላት፣ "አላረጀሁም፣ አንቺ በይኝ" አለች። የጥላነሽ ሲስተር መሆኔን ስትሰማ ሱቋን ዘግታ ወደ ጓዳ አስገባችኝ። ጣሳው መደርደሪያ ላይ፣ ነጭ ጨርቅ ለብሶ። ውሃ ማፍላቱን፣ ልኩን፣ ኩባያና ማንኪያ ከጡጦ እንደሚሻል አሳየኋት። ማንኪያውን ካንዴም ሦስቴ አጠበችው።

"እስከ አርባው እሷ ታጠባዋለች፣ ከዚያ እኔ ቀስ አድርጌ አለምደዋለሁ" አለች።

አታውቅም። ጥላነሽ አልነገረቻትም።

እኔም አልነገርኋት። የጥላነሽ ምሥጢር ነው፣ የእኔ አይደለም። ደግሞ ፊቷ… ያን ፊት ማን ያጠፋል? እኔስ ብሆን፣ አንድ ሰው ልጅ ልስጥሽ ቢለኝ እናቱን ጠይቄ እቀበላለሁ? ወይስ ዘልዬ?

ዘልዬ ይመስለኛል።

ታኅሣሥ 9

መጠይቁን ቀየርሁት። "እስማማለሁ" ወጣ። በምትኩ "አላሰብሁም፣ ሳይሆን አይቀርም፣ ቆርጫለሁ"። "ቆርጫለሁ" ጡት ላይ ገባ፣ ምን ይደረግ። "እግዜር ካለ" የሚለውን ከጥያቄው ፊት እኔው ራሴ አልሁላቸው፣ እነሱ እንዳይደክሙ። አንድ ደግሞ ጨመርሁ፦ ልጁ ምን እንደሚመገብ የምትወስኚው አንቺ ነሽ ወይስ ሌላ ሰው?

ዶክተሩ ዘለለ። መጨመር አይቻልም፣ መለኪያው ይበላሻል። እህል በጫማ ከመለካት ይሻላል አልሁት። ይህን እውነት ፊቱ ላይ ነው ያልሁት። ኮሚቴ ያየዋል ብሎ አባረረኝ።

ታኅሣሥ 15

መንገድ ተዘግቶ ሰነበተ። መኪና የለም፣ ኔትወርክ የለም። ጥላነሽ እንዴት ይሆን? የሺዋስ ድንች ቀቅሎ አሳረረ።

ታኅሣሥ 22

ትናንት መንገድ ተከፈተ፣ ዛሬ ጠዋት አይናለም ደወለች። ጥላነሽ ምጥ ላይ ናት፣ አንቺን ትላለች።

ስደርስ ልትገላገል ደርሳለች። አይናለም ቦታዋን ለቀቀችልኝ። ወንድ። ትልቅ፣ ቁጡ፣ እትብቱ ሳይቆረጥ የሚጮህ። ደረቷ ላይ ላኖረው ስል እጇን አነሣችብኝ። "አላይም" አለች። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ጠቅልዬ አቀፍሁት። አፉን ከፍቶ ጋውኔን ይፈልጋል… እኔ ምን አለኝ?

ታረቀ ውጭ ቆሟል። ብዙም ሳይቆይ ሽታዬ መጣች፣ ጣሳዋን፣ ፔርሙዝ ውሃዋን ይዛ። ጣሳውን ይዘው ይምጡ ብላ ጥላነሽ ልካባት ነው ለካ። ገርሟት መጥታለች። ልጁን በዓይኗ ብቻ ዳሰሰችው። ከዚያ ተቀመጠች፣ እንዳሳየኋት እጇን ታጠበች፣ ክዳኑን ከፈተች። ልጁ ይጮሃል። ማንኪያውን ስታነሣ ጥላነሽን አየች።

ጥላነሽ ወደ ግድግዳው ዞራ፣ በሁለት እጇ ጡቷን አፍና ይዛለች። በጣቶቿ መካከል ቀሚሷ ረጥቧል። ልጁ በጮኸ ቁጥር ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

ሽታዬ ማንኪያውን መለሰች። ክዳኑን ገጠመች። ልጁን ከእኔ ተቀበለችና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"ዙሪ፣ ጥላነሽ። ልጅ ለመንሁ እንጂ አንቺን እንዲህ አድርጉልኝ አላልሁም።"

ጥላነሽ ሳትዞር፣ "ካጠባሁት አልሰጥዎትም። ይወቁት።"

ሽታዬ ልጁን አየች። መጠቅለያውን አስተካከለችለት።

"አውቄዋለሁ" አለች ሽታዬ። "አጥቢ።"

ጥላነሽ ዞረች። ልጁ እንዴት እንደያዘ… አሥራ አንድ ዓመት አዋልጃለሁ፣ እንደዚያ የጎረሰ አላየሁም። ሁለቱም አለቀሱ። እኔ እንግዴ ልጁን መመርመር ነበረብኝ፣ መረመርሁ፣ ምንም አልታየኝም።

ስንወጣ ሽታዬ ታረቀን አልፋው ሄደች። ወደ ደምበጫ የሚሄድ መኪና ለመጠበቅ ከአስፋልቱ ማዶ ቆመች። እኔ ወደ ማርቆስ ነኝ፣ በተቃራኒው። ሚኒባስ መጣልኝ፣ ረዳቱ ጠራኝ። አሳለፍሁት። ተሻግሬ አብሬያት ተሳፈርሁ። ለምን መጣሽ አላለችም። ደምበጫ እስክንደርስ እጄን ይዛ መስኮት መስኮቱን ታያለች። ስንደርስ ሱቋን ከፈተች፣ ለአንዲት ልጅ የቀሚስ ቁልፍ ሸጠች፣ ልጅቷ ቁልፉ ትልቅ ነው ብላ ተከራከረቻት፣ ቀየረችላት። ልጅቷ ስትሄድ ባንኮኒው ላይ ተደፋች።

ምን ይባላል? አይዞሽ የሚባለው ሲያልፍ ነው። ይህ አያልፍም። አውቀዋለሁ። አጠገቧ ቆምሁ።

ጥር 13

ኮሚቴው መጠይቄን አሳለፈው። "ማን ነው የሚወስነው" የሚለውን ጥያቄ እንዲያውም በጣም ወደዱት። ዶክተር አምደሚካኤል ሐሳቡ እንዴት እንደመጣለት በሰፊው አስረዳቸው።

ይብላኝለት። ጥያቄው ገብቷል።

የካቲት 2

የልጁ ክርስትና። የሺዋስን ይዤው ሄድሁ። ሰው ሞልቷል፣ ጠላው ጥሩ ነው፣ ሁሉም በር በሩን ያያል… ሽታዬ ትመጣለች ወይስ አትመጣም?

መጣች። ዘግይታ። ራሷ የሰፋችውን የሕፃን ልብስ ለጥላነሽ ሰጥታ ደጃፉ አጠገብ ተቀመጠች። ታረቀ ጠላ ጠጥቶ ነበርና ተነሥቶ ስለ ቃሉ፣ ስለ ፋሲካው ማውራት ጀመረ። ጥላነሽ ልጁን እያጠባች፣ "ተቀመጥ። አንተ ስትናገር ነው እዚህ የደረስን" አለችው። ተቀመጠ።

ያን ጊዜ ዘመናይ። ከሴቶቹ መካከል ተነሥታ አክስቷ ፊት ቆመች።

"እትዬ፣ እኔን ይውሰዱኝ።"

ሰው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ደምበጫ ትምህርት ቤቱ ትልቅ ነው፣ እዚህ ቤት ደግሞ ሕፃኑ ያለቅሳል፣ እኔ አላለቅስም፣ ሁሉንም እበላለሁ፣ ከሽሮ በቀር። እንደ ነጋዴ ነው የምትደራደረው።

ሽታዬ አየቻት። ታረቀን አልጠየቀችም። ልጅቷንም አልፋ ወደ ጥላነሽ ዞረች።

"አንቺስ?"

ጥላነሽ ልጇን ከላይ እስከ ታች አየቻት። ዓይኗ እንባ ሞላ፣ አፏ ግን ሳቀ። "ይቺ ጡት ከጣለች ቆይታለች" አለች። "በእግሯ ሄዳ በእግሯ ትመጣለች። ለክረምት ለክረምት ወደ እኔ ትመለስ። ይውሰዷት፣ ግን አልሸሸግዎትም፣ ታደርቅዎታለች።"

በመንገድ የሺዋስ፣ እኛም የእኅትህን ልጅ ቤታችን አምጥተን ትምህርት ቤት እናስገባው? አለኝ። እኅቴ ለማለት ነው፣ ጠላው አሳስቶት። እናስብበት አልሁ። እግዜር ካለ።

መጋቢት 6

ደምበጫ፣ መረጃ ለመሰብሰብ። አዲሱ መጠይቅ ይሠራል። ስንት ወልደሻል ይሉኛል፣ አልወለድሁም እላለሁ፣ ትንሽ ያዝናሉ፣ ከዚያ ይቀጥላሉ። ማን ይወስናል ሲባሉ የሚያወሩት ወረቀት አይበቃውም።

ምሳ ሰዓት ሽታዬ ዘንድ ሄድሁ። ሱቁን እየዘጋች ነው፣ በገበያ ቀን! አዲሱን ጥበብ ቀሚሷን ለብሳለች፣ ነጠላው ታጥቦ ተተኩሷል። ማን ሞተ? አልሁ።

ማንም አልሞተም። ዘመናይ አስተማሪዋ ሰሌዳው ላይ ሲሳሳት ክፍሉ ሁሉ እየሰማ አርማዋለች፣ ቁጭ በይ ሲላት ደግሞ መልስ ሰጥታዋለች። ወላጅ አምጪ ተብላለች።

"ይኸው ወላጅ ተጠርቻለሁ" አለችኝ ሽታዬ ቁልፉን ሁለቴ እያዞረች። በጣም ተቆጥታለች። ገና ሳንራመድ ለጎረቤቱ ልብስ ሰፊ ነገረችው። ለባጃጅ ነጂው፣ ለሽንኩርት ሻጯ፣ ላልጠየቋት ሁሉ፣ እጇን እያወናጨፈች። ወላጅ ተጠራሁ፣ ሥራዬን ፈታሁ፣ ልጅ እንዲህ ያቃጥላል፣ ምን ይሻለኛል። ከኋላ ከኋላዋ ተከተልኋት። ደምበጫ ውስጥ ወላጅ መጠራቷን ያልሰማ ሰው አልቀረም።